የበሩ የታችኛው ጠርዝ

አባዬ የሞተው ማክሰኞ ጠዋት፣ በሩ አጠገብ ባለችው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ፣ ስልኩን በእጁ ይዞ ነው። ሐኪሙ ልቡ ነው አለ። ስልኩን ከጣቶቹ መሃል ሳወጣ መብራቱ ገና አልጠፋም ነበር። ተጽፎ ያልተላከ ነገር አለበት። «የበሩ የታችኛው ጠርዝ» ይላል። ከዚያ በኋላ ምንም የለም። ቀሪውን ይዞት ሄደ።

በማግስቱ ከቀብር በመኪና እየተመለስን ነው። ያ ስልክ ቦርሳዬ ውስጥ ጮኸ። አውጥቼ አየሁት። «ሁለት እጅ» ከሚባል ሰው የመጣ ነው።

«ዝም አልክ። ማስረጃ ሲያልቅ ዝም ይባላል። መልካም ቀን።»

እናቴ ከፊት ወንበር ሳትዞር «ማነው?» አለች።

«ማንም አይደለም፣ እማዬ።»

«ማንም ካልሆነ ምን ያስጮኸዋል?»

ቤት ስንደርስ ወንድሜ እንደ ልማዳችን በሩን ከፈተ። እጀታውን ወደ ላይ አነሳ፣ ትከሻውን አስጠጋ፣ ገፋ። የኛ በር እንዲህ ነው የሚከፈተው። አረንጓዴ የእንጨት በር ነው፤ ሥሩ ከወለሉ ጋር እየተፋተገ ሲሚንቶው ላይ የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያለው ጭረት አውጥቷል። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ እያነሳን ገፍተነዋል። አባዬን ምን ሆኖ ነው ብለን ስንጠይቀው «በሩ ምንም አልሆነም፤ ቤቱ ነው መሬት ውስጥ ሰጥሞ የተቀመጠው» ይለን ነበር። አባዬ አናጺ ነው። አርባ ዓመት የሰው በር ሲሰቅል የኖረ ሰው ስለ በር ሲናገር ምን ይባላል? እሺ ይባላል።

ስለ «ሁለት እጅ» ልናገር። አባዬን ጉልበቱ ሥራ ካስፈታው በኋላ ወንድሜ ስልክ ገዛለትና «ቤቴን በእጄ» የሚባል የኢንተርኔት ቡድን ውስጥ አስገባው። አራት ሺህ ሰው ያለበት ነው። ቧንቧው የሚያፈስበት፣ ጣሪያው የሚያንጠባጥብበት ሁሉ እዚያ ይጠያየቃል። ወንድሜ «ይጫወትበት፣ እኛም እንረፍ» ነበር ያለው። አባዬ በድሮ ቅጽል ስሙ «መቃን» ተብሎ ተመዘገበ። በሩ የሚታሰርበትን የዳር እንጨት ስም የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው ያወጡለት፤ ካመነበት ነገር ንቅንቅ ስለማይል።

አንድ ቀን አንዲት ሴት ጠየቀች። «አዲስ በር ገዝቻለሁ። መጀመሪያ ላስቀባው ወይስ ላሰቅለው?» አሥራ ሁለት ሰው መለሰላት። አሥሩ መልሰው ወደ ጉዳያቸው ሄዱ። አባዬ «ይሰቀል፣ በልኩ ይላግ፣ ከዚያ ይቀባ» ብሎ ጻፈ። «ሁለት እጅ» ከሥሩ አንድ ቃል ብቻ አስቀመጠ። «ተሳስተሃል።»

ይህ የሆነው የዛሬ አራት ዓመት ነው።

ያቺን ቃል ያነበበ ቀን አባዬ ጉልበቱን ረስቶ ከወንበሩ ብድግ አለ። «ማንን ነው? እኔን?» እያለ ቤቱን ሁለት ጊዜ ዞረው። እኛ የተናደደ መስሎን ነበር። አሁን ሳስበው ደስ ብሎት ነው።

ምክንያቱም እኛ ቤት አባዬ ወግ ሲጀምር መልሱ አንድ ነበር። እናቴ ዓይኗን ከያዘችው ሥራ ሳታነሳ «እሺ» ትለዋለች። ወንድሜ «እሺ አባዬ» እያለ የጫማውን ክር ያስራል። እኔ ፎቶ ኮፒ ቤት ቀኑን ሙሉ ከማሽን ጋር ቆሜ ውዬ ስለምመጣ «እሺ፣ እሺ» እላለሁ፤ ቶሎ እንዲያልቅልኝ ሁለት ጊዜ። ክፋት አልነበረብንም። ትልቅ ሰው ማክበር እሺ ማለት ይመስለን ነበር። «ሁለት እጅ» ግን በአራት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ እሺ ብሎት አያውቅም።

ሰውየው ቀለም ቀቢ ነው። ቀቢዎች አንዱን ዙር ቀለም አንድ እጅ ይሉታል፤ እሱ ሁለት እጅ ያልጠጣ እንጨት ዕርቃኑን ነው ባይ ነው። በር ከተሰቀለ በኋላ ከተቀባ ሥሩ ቀለም አያገኝም፣ ሥሩ ቀለም ካላገኘ እርጥበት ይጠጣል፣ ያብጣል፣ ወለል ይፍቃል ይላል። አባዬ ደግሞ ያልተሰቀለ በር ልኩን አያውቅም፣ ተቀብቶ ከተሰቀለ ሲላግ ቀለሙ ተልጦ ይወድቃል፣ ሥሩን ደግሞ እጅ ያለው ሰው ተሰቅሎም ይቀባዋል ይላል። ይኸው ነው። ከዚህ ሌላ የተጨመረ ሐሳብ የለም። በዚህ ላይ አራት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ ተጻጻፉ።

ጠያቂዋ ሴት አንድ ሁለቴ ለምናቸዋለች። «እባካችሁ በኔ ጥያቄ ሥር አትጣሉ፣ በየቀኑ ስልኬ ይጮህብኛል። ያንን በርም ቤቱንም ከሸጥኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ። አሁን ያለሁበት በሩ ብረት ነው።» አባዬ «እመቤቴ፣ ይህ እርስዎን አይመለከትም» አላት። «ሁለት እጅ» ወዲያው «በዚህ እስማማለሁ» ብሎ ጻፈ። የተስማሙት ያን ቀን ብቻ ነው።

ወደ ለቅሶው ልመለስ። ሐሙስ ቤቱ ሞልቶ፣ ሰው በግድግዳው ዙሪያ ወንበር ላይ ተደርድሮ፣ ወንድሜ በሩ ላይ ቆሞ ለቅሶ ደራሾችን «እጀታውን ወደ ላይ፣ ትከሻ፣ ግፉ» እያለ ሲያስገባ፣ ስልኩ ሦስት ጊዜ ጮኸ። ሦስተኛው «ሰው ሲሸነፍ ሰላምታ እንኳ ይነፍጋል?» ይላል። ወንድሜ ከእጄ ነጠቀኝና ቆሞ ጻፈ። «ውድ አባታችን ማክሰኞ ዕለት ከዚህ ዓለም በሞት ተለይቷል። ከእንግዲህ መልስ አይሰጥም።»

የጻፈው በአባዬ ስልክ፣ በአባዬ ስም፣ ከአባዬ ፎቶ ሥር መሆኑን ያስተዋለ የለም። መልሱ ሻይ ሳይቀዳ መጣ።

«ሞቻለሁ ብለህ ራስህ ትጽፋለህ? አምናም ሆስፒታል ገባሁ ብለህ በማግስቱ ሦስት ገጽ ላክህልኝ። የሞተ ሰው ይሄን ያህል ሥርዓተ ነጥብ አይጠብቅም። ደግሞስ ሞት ማስረጃ አይደለም።»

«ሞት ማስረጃ አይደለም ይላል!» አለ ወንድሜ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ይሄን ሰው ምን ልበለው? ስሙት እስቲ!» ወዲያው የሰፈራችንን አድራሻ ጻፈለት። «ካላመንክ ና እይ! አረንጓዴ በር ያለው ቤት ብለህ ጠይቅ!»

አጎቴ ከማዶ ወንበር እጁን ዘረጋ። የአባዬ ታናሽ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ የጭነት መኪና ሲነዳ ኖሯል፣ ስለ በር የሚያውቀው የጋቢናውን ነው። «ወዲህ በል እስቲ። እኔ በሁለት ቃል ነው የምዘጋው።»

መነጽሩን አደረገ። በአንድ ጣት መምታት ጀመረ። ሰዎች ሊያጽናኑት ጎንበስ ሲሉ «እግዜር ይስጥልኝ፣ አንድ ጊዜ» እያለ ጣቱን ያነሳል፤ መልሶ ይመታል። አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ መነጽሩን አወለቀና ወደ እናቴ ጠጋ አለ።

«ሰውየው የሚለው እኮ . . . ሙሉ በሙሉ ስህተት አይደለም።»

እናቴ አባዬ ከሞተ ወዲህ የመጀመሪያ ቁጣዋን ተቆጣች። «የወንድምህ አፈሩ ሳይደርቅ?»

«ኧረ እኔ ስለ እርጥበቱ ብቻ ነው! ስለ እርጥበቱ!»

ከዚያ በኋላ መያዣ ጠፋ። ልታለቅስ የመጣች ጎረቤታችን ነጠላዋን ከዓይኗ ላይ አንስታ «እኛ ቤት ተቀብቶ ነው የተሰቀለው፣ እስከ ዛሬ ምንም አልሆነ» አለች። ከጎኗ ያለችው «ያንቺማ በር ዝናብ መቼ ያገኘዋል፣ በረንዳ አለሽ» አለቻት። አንድ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠርገው የነገሩ ሁሉ ሥር ማጠፊያው መሆኑን ማስረዳት ጀመሩ። አንዱ ድንገት ለቅሶ ቤት መሆኑ ትዝ ሲለው «ወይኔ ወዳጄ!» ብሎ ይጮሃል፣ ሁሉም ያለቅሳል፣ እንባው ሲታበስ ደግሞ «እና ማጠፊያው ስንት ሆኖ ነው?» ይባላል።

እኔ አልሳቅሁም፣ አልተከራከርኩምም። እኔን የበላችኝ ያቺ መኪናው ውስጥ ያነበብኳት ቃል ናት። «ማስረጃ ሲያልቅ ዝም ይባላል።» በአራት ሺህ ሰው ፊት ተቀምጣለች። አንዱ ከሥሯ የሚስቅ ፊት አድርጎባታል። አባዬ በሙያው፣ በአርባ ዓመት እንጀራው፣ ዝም ብሎ የተሸነፈ ሰው ሆኖ ሊቀር ነው። ዝም ያለው ደግሞ ስለ ሞተ ነው። በሕይወቱ እሺ እያልኩ ዝም አሰኝቼው፣ ሲሞት ለሱ አንድ ቃል ማስመለስ ካቃተኝ ምን ልጅ ነኝ?

ዓርብ ጠዋት ሰው ሳይበዛ ራሴ ጻፍኩለት። «እኔ ሴት ልጁ ነኝ። በእውነት ሞቷል። ተሸነፈ የሚለውን ቃልህን እንድታነሳ ምን ላድርግ?»

መልሱ የመጣው ሻይ ተቀድቶ ከተጠጣ በኋላ ነው። ሌላ ጊዜ ቶሎ ነው የሚመልሰው።

«ልጁ ከሆንሽ አንድ ነገር አድርጊ። አባትሽ ‹የቤቴ በር ተሰቅሎ ነው የተቀባው፣ ሥሩም ሳይቀር ተቀብቷል› ሲለኝ ኖሯል። መስታወት ከበሩ ሥር አስገቢና ፎቶ አንስተሽ ላኪ። ሥሩ ላይ ቀለም ካለ፣ በሁሉም ፊት ‹ተሸነፍኩ› ብዬ እጽፋለሁ። ከሌለ ግን ሟች ነው ብዬ አልምረውም።»

ከቦርሳዬ ትንሿን መስታወት አወጣሁ። ወንድሜ እጀታውን ይዞ በሩን ወደ ላይ እንዲያነሳልኝ ነገርኩትና ወለሉ ላይ በሆዴ ተኛሁ። አንዲት ለቅሶ ደራሽ በዚያው ቅጽበት ከውጭ ገባች። በሐዘን ወድቄ መስሏት «ልጅቷን! ልጅቷን!» ብላ ጮኸች፤ ከውስጥ አንዱ ሮጦ መጥቶ አንድ ጆግ ውሃ ጀርባዬ ላይ ደፋብኝ። ተነሺ አይዞሽ ይሉኛል፣ እኔ «ተዉኝ፣ ሥሩን እያየሁ ነው!» እላለሁ፤ ይህ ደግሞ የባሰ አስለቀሳቸው።

መስታወቷን ጠርጌ እንደገና አስገባሁ።

ባዶ እንጨት ነው። ግራጫ ሆኖ፣ እንደ ደረቀ ተረከዝ ተሰነጣጥቆ፣ አብጦ። ሃያ ስድስት ዓመት ቀለም የሚባል ነገር አላየም። ቤቱ አልተቀመጠም ነበር። አባዬ ዋሽቷል።

መስታወቷን ልስብ ስል ወደ ማጠፊያው በኩል አረንጓዴ ነገር አየሁ። አንድ ስንዝር የምትሆን ቀለም። አዲስ ናት። ውስጧ ነጭና ሰማያዊ ፀጉር ተጣብቆባታል፤ አጫጭር፣ እኩል እኩል የተቆረጠ።

«ምን አየሽ?» አለ ወንድሜ በሩን እንዳንጠለጠለ።

«የጥርስ ብሩሽ» አልኩት።

በሩን ለቀቀው። ለጥቂት ጣቴን ሳተኝ። «የኔ ነው!»

ከሁለት ወር በፊት የወንድሜ የጥርስ ብሩሽ ጠፍቶ እኔን ተጣልቶኝ ነበር። ከሳምንት በኋላ የኔ ጠፋ፣ እሱን ጠረጠርኩ። ሦስተኛው የእናቴ ነበር፤ እሷ አይጥ ነው ብላ ወጥመድ አስገዛች። የአባዬን የመሣሪያ ሣጥን ከወንበሩ ሥር ስበን ከፈትነው። መላጊያው፣ ውሃ ልኩ፣ መዶሻው። ከነሱ ሥር በጨርቅ የተጠቀለሉ ሦስት የጥርስ ብሩሾች፤ በአረንጓዴ ቀለም ደርቀው እንጨት ሆነዋል። ከጎናቸው ግማሽ ቆርቆሮ ቀለም።

ሁላችንም ሥራ ስንሄድ፣ እናቴ ገበያ ስትወጣ፣ ያ ጉልበቱ የማይታጠፍለት ሰው መሬት ላይ ተኝቶ የዋሸውን እውነት ሊያደርገው ሲታገል ከርሟል። በማጠፊያው በኩል ክፍተቷ ብሩሽ ታስገባለች። ከዚያ ወዲያ ግን በሩ ወለሉን ይነካል፤ አንዱ ካላነሳው ሌላው መቀባት አይችልም። ሁለተኛ ሰው ያስፈልገው ነበር። ያንሱልኝ አላለንም። ቢለንም እሺ ብለን ረስተነው እንሄድ ነበር።

እናቴ የራሷን ብሩሽ አንስታ ብዙ አየችው። «አይጧ ይቺ ናት?» አለች። መልሳ በጨርቁ ጠቀለለችው።

አጎቴ የቆርቆሮውን ክዳን በካቻቢቴ ፈልቅቆ አሸተተ። «አልበላሸም። እንጨርስለታ። ከዚያ ፎቶ ታነሻለሽ።»

«ይሄማ ማጭበርበር ነው» አልኩ።

«የጀመረውን መጨረስ ከመቼ ወዲህ ነው ማጭበርበር የሆነው፣ የኔ ልጅ?»

«ሰውየው የጠየቀው እኮ አባዬ ቀብቶት እንደሆነ ነው።»

«ሰውየው የጠየቀው ቀለም እንዳለ ነው። ቃሉን አንብቢ!»

ሁሉም ወደ እናቴ ዞረ። እሷ በሩን አየች። «አውርዱት» አለች።

ስድስት ብሎን ነው። አራቱ በካቻቢቴ ወጡ፤ ሁለቱ ዝገው ስለነበር ማጠፊያውን ያብራሩት ሽማግሌ በመዶሻ መክረው አወጧቸው። አራት ጥቁር ልብስ የለበሱ ወንዶች በሩን በትከሻቸው ተሸክመው፣ አጎቴ ከፊት «ቀስ፣ ቀስ፣ ደፉን ተጠንቀቁ» እያለ፣ ወደ ግቢ ወጡ። በዚያው ሰዓት ከመንገዱ የምትመጣ አንዲት የሩቅ ዘመድ ይህን አየች። መሃል መንገድ ላይ ቆማ ደረቷን መታች። «ወይኔ! ደግሞ ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም እትዬ፣ በር ነው!» ብሎ ወንድሜ ሮጠላት።

«የማን በር?»

«የኛ!»

«ምን ሆኖ?»

ወንድሜ ክንዷን ይዞ ወደ ግቢ አስገባት።

በሩን ሁለት ወንበር ላይ በጎኑ አጋደሙት። ሥሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ፀሐይ አየ። አጎቴ በብርጭቆ ወረቀት ፈተገው፣ ከጎረቤት ያስመጣውን የቀለም ብሩሽ ነከረ፤ የአባዬን ስንዝር እንዳይነካ በጣቱ ለይቶ ከዚያ ወዲህ ያለውን ቀባ። ግማሽ እንደደረሰ እጁ ቆመ።

«እንግዲህ . . . አወረድነው። ወንበር ላይ አጋደምነው። ቀባነው። ስንጨርስ ልንሰቅለው ነው። ይሄ እኮ ሰውየው የሚለው . . .»

«አፍህን ዝጋና ቀባ» አለችው እናቴ።

ያን ጊዜ ነው አንድ ረጅም፣ ቀጭን ሽማግሌ ግቢው ውስጥ የቆሙት። ንጹሕ ኮት ለብሰዋል። ጫማቸው ተወልውሏል። የጥፍራቸው ዙሪያ ግን የስንት ቤት ቀለም እንዳለበት አይታወቅም፤ ነጭ፣ ክሬም፣ ሰማያዊ። በር የሌለውን ቤታችንን አዩ፣ አድራሻ የጻፉበትን ወረቀታቸውን አዩ።

«ይቅርታ፣ አረንጓዴ በር ያለው ቤት ፈልጌ ነበር።»

ወንድሜ በአገጩ አመለከተ። «ቤቱ ይሄ ነው። በሩ ያ ነው።»

ሽማግሌው ከደረት ኪሳቸው አንድ ነገር መዘዙ። መስታወት ነው። ይዘው መጥተዋል! ማን እንደሆኑ ያን ጊዜ ሁላችንም ገባን። ነገር ግን ወደ በሩ አልሄዱም። ባዶ በሆነው መቃን በኩል ውስጡን አዩ። ግድግዳው ላይ እኔ ራሴ አሳድጌ ያተምኩት የአባዬ ፎቶ አለ፤ እዚያ ቡድን ላይ የሚያውቁት ያው ፎቶ ነው። ከሥሩ ባዶ ወንበሩ።

«እውነት ኖሯል» አሉ። መስታወቱን እንደያዙ አጠገባቸው ያገኙት ነገር ላይ ተቀመጡ፤ የተገለበጠ ባልዲ ነበር። «ልጁ ነኝ ስትይ እሱ መስሎኝ ነበር። ድምፁን ቀይሮ የመጣ።»

ከባልዲው ተነሱና ወደ በሩ ሄዱ። ጣታቸውን ሥሩ ላይ አሳረፉ። ሲያነሱት አረንጓዴ ሆኗል።

«ይሄ ዛሬ የተቀባ ነው።»

አጎቴ ብሩሹን ከጀርባው ደበቀ። እኔ ከዋሸሁ ቃሉ ይነሳል፤ ካልዋሸሁ አባዬ ተሸንፎ ይቀራል። አፌን ስከፍት የወጣው ግን እውነቱ ነው። «አዎ። ዛሬ እኛ ነን የቀባነው። ባዶ ነበር። የሱ ይቺ ስንዝር ናት።»

በሩ ፊታቸው ተጋድሞ ሳለ ሽማግሌው በመስታወታቸው አዩት። የተጣበቀውን ፀጉር በጥፍራቸው ነካ አደረጉት።

«በምንድን ነው?»

«በጥርስ ብሩሽ።»

«ተሰቅሎ እያለ?»

«ተሰቅሎ እያለ። መሬት ተኝቶ።»

«በዚያ ጉልበቱ?» አሉ። «በቀኝ ጉልበቱ?»

እናቴ ከወንበሯ ቀና አለች። «የምን ቀኝ? ግራው ነበር የሚያመው።»

«የለም፣ ቀኙ ነው። ዝናብ ሲመጣ ቀኙ ቀድሞ ይነግረኛል ብሎኛል። ስንቴ ጽፎልኛል።»

«እኔ ነኝ ሠላሳ ሰባት ዓመት ያሸሁት ወይስ እርስዎ? ግራው ነው!»

«እመቤቴ፣ ጽሑፉ አለኝ፣ ላሳይዎት እችላለሁ።»

«ጽሑፉን ምን ያደርግልኛል! እሱ መቼ ግራና ቀኙን ለይቶ ያውቅና! ካልሲውን እንኳ እኔ ነኝ የማለብሰው!»

ለሩብ ሰዓት ያህል በሞተ ሰው ጉልበት ተከራከሩ። ልናስታርቅ ነበር፣ ተውነው። እናቴ ፊቷ ቀልቶ፣ ድምፅዋ ከማክሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሷ ሆኖ፣ ጣቷን እየቀሰረች ነበር። አባዬን እንደዚያ ብትከራከረው ኖሮ ብዬ አሰብኩ። እሷም ያንኑ ያሰበች መሰለኝ፤ ጣቷን አወረደችና «ሻይ ስጧቸው» አለች።

ሻዩን ይዘው ወደ እኔ ዞሩ። «ተሸነፍኩ ብዬ እጽፋለሁ ብዬሽ ነበር።»

«ሥሩ ላይ ቀለም ካለ ነው ያሉት። አንድ ስንዝር ነው ያለው።»

«ስንዝርም ቀለም ነው።» ስልካቸውን አወጡ። ጣታቸው ከላዩ ላይ ቆመ፤ ቆየ። «ብጽፈው ግን ያልቃል» አሉ።

«እንግዲያው አይጻፉ» አልኳቸው። ሦስት ቀን ሙሉ የፈለግሁት ያን ብቻ ነበር፤ አሁን ላየው አልፈለግሁም።

ኮታቸውን አውልቀው እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። የአጎቴን አቀባብ አይተው «ይሄ አንድ እጅ እንኳ አይባልም» ብለው ብሩሹን ወሰዱበት። እስኪደርቅ ጠበቅን፣ ሁለተኛውን እጅ ቀቡ፣ ደግሞ ጠበቅን። የአባዬን ስንዝር ከነፀጉሯ ተዉአት። ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ ሲበርድ፣ ያበጠውን በኩል በአባዬ መላጊያ ትንሽ ላጉት፤ «ይሄን ስሠራ አይቶኝ ቢሆን» እያሉ። አጎቴ ብሎኑን አሰረ፣ እሳቸው ሽብልቅ አስገብተው በሩን ደገፉ። ተሰቀለ።

መጀመሪያ እንድትገባ እናቴን አስቀደምናት። እጀታውን ይዛ ወደ ላይ አነሳች፣ ትከሻዋን አስጠጋች፣ ገፋች። በሩ በአንድ ጣት የሚከፈት ሆኖ ነበር። እናቴ እንደ ጆንያ ወደ ውስጥ ሄደች፤ ወንድሜ ቀሚሷን ይዞ አዳናት። ቀና ብላ በሩን ዞራ አየችውና ሳቀች። በለቅሶ ቤት፣ በጥቁር ልብሷ፣ ዓይኗ እስኪያነባ ሳቀች። ያን ቀን ሁላችንም በየተራ ወደቅን። እስካሁንም አልፎ አልፎ እንወድቃለን፤ ትከሻ ቶሎ አይረሳም።

ሽማግሌው ኮታቸውን ለብሰው፣ መስታወታቸውን ደረት ኪሳቸው ከተው፣ ግቢው በር ላይ ተሰናበቱን። እጄ ኪሴ ውስጥ የአባዬን ስልክ አገኘ። ከፈትኩት። ያልተላከችውን ጽሑፍ ማክሰኞ ዕለት ለብቻዋ አስቀምጫት ነበር፤ እንደነበረች አለች። ልጨርሳት አሰብኩ። ምን ሊል እንደነበር ግን አላውቅም፤ ጥፋቱን ሊያምንም ይችላል፣ ሊዋሽም ይችላል። ነጥብ እንኳ ሳልጨምርባት ላክኋት።

የሽማግሌው ደረት ኪስ ጮኸ።

አውጥተው አዩ። ከማን እንደመጣ አነበቡ። አንዱን መነጽር አውልቀው ሌላውን አደረጉ። ለሦስት ቃል በጣም ብዙ ጊዜ አነበቡ። እናቴ፣ አጎቴ፣ ወንድሜ፣ ማጠፊያው ነው ያሉት ሽማግሌ፣ ሁሉም በር ላይ ወጥተው ያዩአቸዋል። ከዚያ ፊታቸውን አኮሳተሩ፣ በአውራ ጣታቸው መጻፍ ጀመሩ።

ስልኩ እጄ ውስጥ ጮኸ።

«ተሳስተሃል» ይላል።